ደጅ ጥናት

ከጃንተከል ዋርካ ጥላ፣
ባጃጄን ስወለውል መጣች፣ ሻንጣ በጀርባዋ አዝላ።
ሱክጃ ነኝ አለች፣ ከቡሳን፣ ከወደብ ከተማ፣
ሠላሳ ዓመት ለመርከበኛ ዓሣ ስትቀቅል የኖረች እማማ።
ስልኳ እየተረጎመ፣ በወንድ ድምፅ፣ እንዲህ አለኝ፦
"ፈረንጅ የሚበላበት ይቅር፤ አንተ የምትበላበት ውሰደኝ።"

እኔ የምበላው?
ደረቅ ዳቦ፣ ከመሪው ሥር፣ በፌስታል ቋጥሬ፣
ግማሹን ለማታ ቆጥሬ።
ይህን እንዴት ላሳያት?
"አውቃለሁ፣ ግቢ" አልኋት።
ውሸትም አይደለም፤ የጎንደርን ምግብ ቤት በበሩ አውቀዋለሁ፣
ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ ዘበኛው መቼ እንደሚያንቀላፋ፣ በቃሌ እላለሁ፣
የቱ ጋ "እዚህ አትቁም" እንደሚባል፣
የቱ ጋ ቁሌት በመስኮት ወጥቶ ሆድ እንደሚያባብል።

ፒያሳ፣ ፉል ቤት። ገባች። እኔ እንደ ልማዴ ከደጅ።
አሳላፊው ብቅ አለ፣ "ጥጋቡ! ዞር በልልኝ፣ ወዳጅ።"
ጥጋቡ ስሜ ነው፤ አባቴ ያወጣው፣ እህል በሞላበት ዓመት፤
ዓመቱ አለፈ፤ ስሙ ቀረ፣ እንደ ባዶ ጎታ ክዳን፣ ከእኔ ቤት።
ቃሪያው ሲነድባት ሳቋ ተሰማኝ፣ መንገድ ተሻግሮ፣
ወጣች፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ላቡ በግንባሯ ተንቆርቁሮ።

ሳሙና በር፣ ትርንጎ ሽሮ ቤት።
ረቡዕ ነውና ስልጆ ቀረበላት፤
ባቄላና ስናፍጭ በማሰሮ ጨለማ ተዳፍኖ፣ ቀን ቆጥሮ
የጎመዘዘ፣ ትንፋሽ የሚቆርጥ፣ እንደ ቁጣ አድሮ።
ቀመሰች።
ገበታውን ትታ ተነሣች። ወደ ጓዳ።
በጓሮ ዞሬ አጮለቅሁ፦ ትርንጎና እንግዳ
ከአንድ ማሰሮ አፍ ላይ ጎንበስ ብለው፣
ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ረስተው፣
በጣት ያወራሉ። ትርንጎ አምስት ጣት አነሣች፤ አምስት ቀን።
ሱክጃ ሳቀች፤ በእጇ መሬት ቆፈረች፣ አሳየች መቅበርን፤
ኋላ ነው የገባኝ፦ በእሷ አገር ጎመኑን
በእንስራ፣ ከምድር ሥር፣ ያሳልፉታል ብርዱን።

እኔ ጓሮ ቆሜ ግንቡን ሽቅብ አየሁ፤
እዚያ በር ሥር ቅድመ አያቶቼ ቆመው ነበር ሲሉ እሰማለሁ፣
ለጉልት፣ ለሹመት፣ ዓመት ሙሉ፣ ነጠላ አደግድገው።
እኔ ለመቶ ብር፤ ሞተር አጥፍቼ። ያው ነው።

አዘዞ መንገድ፣ ዓሣ ቤት፤ ዓሣው ጠዋት ከጎርጎራ የመጣ።
በጾም ይበላል የሚል አለ፣ አይበላም የሚልም አይታጣ፤
እኔን ከክርክሩ ኪሴ ገላግሎኛል።
ገባች። ወዲያው ተመለሰች። ስልኳ "ስምህ ምን ማለት ነው?" ይለኛል።
ነገርኋት።
ፌስታሉን አየች፤ ቀበቶዬን አየች፣ አዲስ የበሳሁትን ቀዳዳ።
እጅጌዬን ያዘች።
አራት ደረጃ ነው፤ ቆጥሬው አውቃለሁ፣ ረግጬው ግን አላውቅም።
አሳላፊው አየኝ። አየኝና ምንም አላለም።

ከቅቅሉ ራስ፣ ከጉንጩ፣ ለስላሳዋን ሥጋ መዘዘች፣
"ምርጡ ይህ ነው፤ ለአባት ነው የሚሰጥ" አለች፣
በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። አፌን ከፈትሁ፤ ጉርሻ መስሎኝ።
እሷ ግን ሳህኔ ላይ አኖረችው፤ ክፍት አፌን ይዤ ቀረሁ፣ ቤቱ ሁሉ እያየኝ።
ቤቱ ሳቀ።
ሱክጃ ግራና ቀኝ አየች፤ ገባት።
መልሳ አነሣችው፤ አንድ እጅ ግን ነውር ሆነባት፣
በሁለት እጇ አጎረሰችኝ፣ ጽዋ እንደሚያቀብል ሰው፤
መረቁ አገጬን አራሰው።

በመስኮት ባጃጄን አየኋት። ከውስጥ ሆኜ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው፤
ሰማያዊ፣ ጠባብ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ ደጅ ስትጠና።
ዘበኛው ጣራዋን በዱላው መታ፣ "የማን ናት ይህች?" አለና።
ሁሉም ዞረው አዩኝ።
መልስ ነበረኝ።
አፌ ሙሉ ነበር።